ፌዛችሁ ያለ እናንተ ሲሄድ፦ ከጥምቀት በፊት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ በጎንደርና በዙሪያዋ በታዋቂ ቲክቶከሮችና ዩቲዩበሮች ላይ የፌዝ ቪዲዮ ለምትሠሩ፤ ቪዲዮውን ለምትቀባበሉ፤ ለሚፌዝባችሁ ለታዋቂዎቹም

ጥምቀት እየደረሰ ነው። ታኅሣሥ ከተጋመሰ ጀምሮ ስልካቸውን እንጨት ላይ ሰክተው የሚዞሩ እንግዶች ፒያሳን ይሞሉታል፤ አንዱ በግንቡ በር፣ አንዱ ጃንተከል ዋርካ ሥር፣ አንዱ ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ ቆሞ “ሰላም ቤተሰብ” ይላል። እነሱን እያየ የሚያፌዘውም ያኔ ነው የሚነሣው። ይነሣ። አለቃ ገብረ ሐና ባስተማሩበት ከተማ ፌዝን የሚከለክል ደብዳቤ ብንጽፍ መሳቂያ የምንሆነው እኛው ነን።

የምንለው አንድ ነገር ነው። ፌዝ ከሠሪው እጅ ወጥቶ፣ ስሙ ተገፎ፣ ጽሑፉ ወድቆ፣ የ3 ደቂቃው 7 ሰከንድ ሆኖ ለማያውቀው ሰው ሲደርስም ፌዝነቱ ሊለይ ይገባል። ሥነ ምግባሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። “ልቤ ንጹሕ ነበር” የሚባለው ዘግይቶ ነው፤ ቪዲዮው ደግሞ የሠሪውን ልብ ይዞ አይሄድም።

በአለቃ ስም የሚነገረው ቀልድ ሁሉ የአለቃ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሰው አንድ ጥሩ ነገር ባገኘ ቁጥር ለእሳቸው ያሸክማቸዋል። ነገር ግን ቀልዱን የሚያወራ ሁሉ “አለቃ እንዲህ አሉ ይባላል” ብሎ ነው የሚነሣው። ያቺ “ይባላል” የምትል ቃል ምልክት ናት፤ ከቀልዱ ጋር ከአፍ ወደ አፍ ትሄዳለች፤ የሚያወራው ሰው ሳያስባት ይዟት ይሄዳል። የስልኩ ቪዲዮ ያጣው ይህችን “ይባላል” ነው።

አዝማሪ ቤትንም አስቡት። የተወጋው ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ ማሲንቆው ወደ እሱ ሲዞር ያያል፤ ካሻው “ተቀበል” ብሎ ስንኝ ይመልሳል። ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ የለጠፈው ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያየዋል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁ የጠፋበት ቢኖር ጎኑ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም አድርጎ ያስረዳዋል። ስልክ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ “የአባቶቻችን ባህል ነው” ብሎ አዝማሪን መጥቀስ ብቻውን አያዋጣም፤ አዝማሪው ቤቱ ይሠራለት የነበረውን እኛ በእጃችን መሥራት አለብን።

ቪዲዮ በእኛ አካባቢ እንዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ። ቲክቶክ ላይ ሲለጠፍ ካፕሽን አለው፣ የአካውንት ስም አለው፣ “ቀልድ ነው” የሚል ኮሜንትም አለው። አንዱ በስክሪን ሪከርድ ቀድቶ ጠርዙን ይቆርጠዋል፤ ካፕሽኑ ቀረ። ወደ ቴሌግራም ይገባል፤ ቴሌግራም ሲያስተላልፉ የላኪውን ስምም ከሥሩ ያለውንም ጽሑፍ መደበቅ ይፈቅዳል፤ ስሙም ቀረ። ሌላው ለዋትሳፕ ስታተስ እንዲመቸው የምታስቀዋን ቦታ ብቻ ያስቀራል፤ መግቢያው ቀረ። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር ወደ ሌላ ስልክ፣ ከስልኩ ወደ ሜሞሪ፣ ቪዲዮ ከሚጭኑ ቤቶች ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ደንቢያ በሚመለስ ሰው ኪስ ይገባል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነበር። ደንቢያ ላይ የሚከፍተው ሰው ፊትና ድምፅ ብቻ ነው የሚያገኘው። ፊቱ የእገሌ ከሆነ፣ እገሌ ተናገረ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ችግረኛን እየረዱ መቅረጽ ብዙ የሚፌዝበት፣ ሊፌዝበትም የሚገባ ሥራ ነው። ብሩ ካሜራ ፊት ይቆጠራል፤ ተረጂዋ እንድታለቅስ ይጠበቃል፤ ብርሃኑ ካልተስማማ እንደገና ይሰጣል። በዚህ ላይ ለማፌዝ አንዱ መንገድ የታዋቂውን ፊት በኤአይ ተዋናይ ላይ መለጠፍ፣ ከላይቩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ወስዶ ድምፁን ማስመሰል፣ ከዚያም “ድሃ ባይኖር እኔን ማን ያውቀኝ ነበር” ማሰኘት ነው። ያስቃል። ያቺ ዐረፍተ ነገር ተቆርጣ ስትወጣ ግን ማስረጃ ትሆናለች፤ ሰውየው ደግሞ አላላትም።

ሌላው መንገድ ይኸውና። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። ሰጪው ቀርቦ 200 ብር ወንበሩ ላይ ያኖራል፤ ወደ ካሜራው ዞሮ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ወንበሩን ያቅፋል። “ጥላ ገብቶብሃል” ይላል ከካሜራው ጀርባ ያለው። ሰጪው ብሩን አንሥቶ እንደገና ይሰጣል። በሦስተኛው ላይ ዝቅ ብሎ ወንበሩን “እማማ፣ ትንሽ ያልቅሱልን እንጂ” ብሎ ይለምናል። ሲያበቃ መደገፊያው ላይ የባንክ አካውንት ቁጥር ለጥፎ ይሄዳል፤ 200 ብሩንም ይዞት።

ይህን ከየትኛውም ሰከንድ ብትቆርጡት ሰው ለወንበር ብር ሲሰጥ ነው የሚታየው። የማንም ፊት አልተወሰደም፤ ማን እንደተነካ ግን ተከታዩ ሁሉ ያውቃል፤ ታዋቂው ሁልጊዜ የሚለብሰውን ጃኬት ወይም ንግግር የሚጀምርባትን ቃል መዋስ ለዚያ ይበቃል። ተረጂዋም ዳግመኛ አልተቀረጸችም። ዋናውን ቪዲዮ ቆርጠን እየለጠፍን ሰጪውን ስንወቅስ የእሷን ፊት ለሁለተኛ ጊዜ እያዞርን መሆኑን የሚያስተውል ፌዘኛ ጥቂት ነው።

ፊትና ድምፅ ካልወሰድን አይሆንም የምትሉበት ጊዜ ይኖራል፤ እንቀበላለን። ያኔ ምልክቱ ምስሉ ውስጥ ይቀበር። የቁም ቪዲዮ 1080 በ1920 ፒክስል ነው። ታችኛውን ክፍል ካፕሽኑ፣ ቀኙን የላይክና የሼር ምልክቶች ይሸፍኑታል፤ እዚያ የተጻፈ እንዳልተጻፈ ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ቪዲዮውን ካሬ የሚያደርገው ሰው ይጥለዋል፤ ከመሃል ወደ 1080 በ1080 ሲቆረጥ ከላይ 420 ከታችም 420 ፒክስል ይሄዳል። ስለዚህ ጽሑፉ በመሃለኛው ካሬ ውስጥ፣ ከአገጭና ከአንገት አጠገብ ይሁን፤ እሱን የሚቆርጥ ፊቱንም አብሮ እንዲቆርጥ። የፊደሉ ቁመት ከ50 ፒክስል ባያንስ ጥሩ ነው። ቪዲዮው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጨምቆ አሮጌ ስልክ ላይ ሲታይ የአማርኛ ፊደል ቀድሞ የሚጠፋው እግሩና ቀለበቱ ነው፤ “ለ” እና “ሉ” አንድ ይሆናሉ። ጥቁር መደብ ይኑረው። ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው ይቆይ፤ መግቢያው ላይ 3 ሰከንድ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ማንም በቀላሉ ይቆርጠዋል።

ቃሉስ ምን ይሁን? “ምጸት” የሚለውን መጽሐፍ የሚያነብ ያውቀዋል፤ ሌላው ይዘለዋል። “ቀልድ ነው” የሚለውን ሐሜተኛ ሁሉ ስለተሸሸገበት ማንም አያምነውም። የሚሠራው ማስተባበል ነው፦ “እገሌ ይህን አላለም፤ ፌዝ ነው።” ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳላለው ይናገራል። ድምፁ ለብቻው ተቀድቶ በቮይስ ስለሚላክም ከዋናዋ ቀልድ በኋላ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ውስጥ ሌላ ሰው በራሱ ድምፅ “ኧረ አላለም!” ይበል። ቀልዱ አይሞትም፤ በሰዓቱ ከገባ ይህ ራሱ ያስቃል። ቲክቶክም ዩቲዩብም እውነት የሚመስል የኤአይ ይዘት ሲለጠፍ እንዲገለጽ ይጠይቃሉ፤ ማሳወቂያውን አብሩት። ነገር ግን ፋይሉ ወርዶ ሲዘዋወር ያ ምልክት አብሮ መሄዱን አትተማመኑበት።

ከመለጠፍ በፊት የሚደረገው ፈተና ረጅም አይደለም። አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። አንድ ጊዜ ስልኩን ገልብጣችሁ ስሙት። ከዚያ ከሦስት ቦታ 7 ሰከንድ ቁረጡ፣ አንድ ስክሪንሾት ጨምሩ፣ ታዋቂውን ለማይከታተሉ ሦስት ሰዎች አሳዩ፤ አንዱ ከ50 ዓመት በላይ ይሁን። “አሳቃችሁ?” አትበሏቸው። “ይህን ያለው ማን ነው?” በሏቸው። ከሦስቱ አንዱ የታዋቂውን ስም ከጠራ ሥራው ገና ነው። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ደግሞ ተዋናዩ ጎበዝ የሆነ እንደሆነ ነው፤ ሲመሳሰል እውነት ይመስላል። መድኃኒቱ ማጋነን ነው፤ ማጋነኑም በልክ ከሆነ አይረዳም። ታዋቂው 1,000 ብር ከሰጠ ፌዙ ላይ 5,000 ቢሰጥ ይታመናል፤ ሚሊዮን ቢሰጥም የሚያምን አይጠፋም። የፋሲልን ግንብ ከነቁልፉ ያስረክብ።

ምን ይነካ ለሚለው፣ ሰው መርጦ ያደረገው ይነካ፣ ሳይመርጥ የተሰጠው ይቅር ብንል ብዙውን ይሸፍናል። ተከፍሎበት የሠራውን ማስታወቂያ “እኔ ራሴ የምጠቀምበት ነው” ማለት፣ ሽልማት ሳይኖር “ሼር ያደረገ ይሸለማል” ማለት፣ ላይቭ ላይ ጊፍት ለመሰብሰብ የውሸት ጠብ መፍጠር፣ ሰውን “በቀን ይህን ያህል ትርፍ” እያሉ ወደማይታወቅ መተግበሪያ መጥራት፤ ይፌዝባቸው፣ አጥብቆ ይፌዝባቸው። ጥርስ፣ ቁመት፣ ሕመም፣ ልጅ፣ የፈረሰ ትዳር፣ አይነካ። ቤቱ ለቅሶ የተቀመጠበት ሰው ላይ የተዘጋጀ ቪዲዮ ካለ ይቆይ፤ አይበላሽም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ዘዬ ላይ ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣ ቲክቶከር ሲፌዝበት ቀላሉ ነገር አነጋገሩን ማጣመም ነው፤ ሳቁም ወዲያው ይመጣል። ዘዬው ግን የእሱ ብቻ አይደለም፤ የአያቱ፣ የጎረቤቱ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ነው። እሱን የመታ የመሰለው ፌዝ ምንም ያላጠፋውን ሁሉ መታ። መፈተኛው ያንኑ ጽሑፍ በራሳችሁ አነጋገር ማንበብ ነው። ሳቁ ከጠፋ ድሮም ጽሑፉ ውስጥ ፌዝ አልነበረም።

ታዋቂ የሚባለውስ ማን ነው? ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ የተናገረችው ነገር ተቀርጾ አገር ያዳረሰባት ሴት ታዋቂ አይደለችም፤ ሰው አወጣት እንጂ ራሷ አልወጣችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው የታወቀ ከሆነ፣ የሕዝብ ሥልጣን ካለው፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ከሆነ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይገልጻል። አደባባይ መሆኑ ለመቅረጽ ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ለመሳለቅ ግን አይበቃም። በእኛ ሚዛን ታዋቂ የሚባለው መርጦ አደባባይ የወጣ፣ ከተከታዩ ገንዘብ ወይም ተሰሚነት የሚያገኝ፣ ሲነካም የሚመልስበት መድረክ ያለው ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ግን ይህ ሁሉ ቢሟላለትም ይቅር።

የቀረውን ሕግ በአጭሩ እንለፈው፤ አንዳንዱ ከልክ በላይ ይፈራዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያውቀውም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ሐሰትነቱ እየታወቀ ወይም ሊታወቅ ሲገባ የተሰራጨውን፣ ሁከትና ግጭት የማስነሣት ዕድሉም ከፍ ያለውን ነው፤ ለኪነ ጥበብ ሥራና ለፖለቲካ ትችትም በተለያየ መንገድ ቦታ ትቷል። የወንበሩ ቪዲዮ እዚያ አይደርስም። የታዋቂውን ፊትና ድምፅ በኤአይ የሚያስመስለው ቪዲዮ ግን በክፉ ሰዓት ከወጣ ሊደርስ ይችላል፤ አካውንቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይሄዳል። ለዕለት ሥራችን የሚቀርበው ግን የፍትሐ ብሔሩ አንቀጽ 2044 ነው። በሕይወት ያለን ሰው የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በማድረግ ስሙን፣ መታመኑን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ መጣልን ጥፋት ያደርገዋል። መሳቂያ ማድረግ ሕጉ ውስጥ በቀጥታ መግባቱን ልብ በሉ። ሳቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስም ላይ የተጣለ አደጋ መኖር አለበት። ያደረገውን ማጋነንና ያላደረገውን አደረገ ማለት የሚለያዩትም እዚህ ነው። ስለዚህ የተፌዘበትን ዋና ቪዲዮ አስቀምጡ፦ ፋይሉን፣ ሊንኩን፣ የተለጠፈበትን ቀን፣ ከተፌዘባት ቦታ በፊትና በኋላ ያለውን ቢያንስ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ታዋቂው የራሱን ሲያጠፋ የእናንተ ብቻ ቀርቶ እንዳይገኝ።

በታዋቂ ስም የፌዝ አካውንት የምትከፍቱ፣ “ፌዝ” የሚለው ቃል ከስሙ ፊት ይምጣ። ከኋላ ከሆነ ኮሜንት ላይ ረጅም ስም ስለሚቆረጥ የሚቀረው የታዋቂው ስም ብቻ ነው። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) እ.ኤ.አ. በ2025 ይህንኑ ግዴታ አድርጎታል፤ ቃሉ ስሙ መጀመሪያ ላይ እንዲሆን፣ ፎቶውም ከዋናው እንዲለይ። ሌሎቹ ባያስገድዱም እናንተ አድርጉት።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። አንዱ ታዋቂ ሌላውን እንዲፌዙበት ከፍሎ የሚያሠራበት ጊዜ አለ። አዝማሪም ተከፍሎት ይወጋል፤ ብሩ ግን ግንባሩ ላይ ነው። ማን እንደከፈለ ቪዲዮው ላይ ለመጻፍ የማይፈቅድ ደንበኛ ከመጣ ሥራው ይቅርባችሁ።

ከተለጠፈ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የኮሜንት ሰዓት ናቸው። ቲክቶክ ላይ የተመረጡ ቃላትን የያዘ ኮሜንት እንዲታገድ ማድረግ ይቻላል፤ የብሔር ስድቦቹን ከነአጻጻፍ ዘዴያቸው አስቀድማችሁ አስገቡ፤ “ሀ”ን በ“ኀ” ለውጦ የሚጽፍ አይጠፋም። ስልክ ቁጥር፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ “ቤቱን እናውቀዋለን” የሚል ሲመጣ ወዲያው ይጥፋ፤ ፎቶ አንሥታችሁ ግን ያዙት። ታዋቂውን ታግ አታድርጉ፤ “ሪፖርት አድርጉት” ብላችሁም ሰው አትላኩበት። ያ ፌዝ መሆኑ ቀርቶ ዘመቻ ይሆናል።

ስሕተት ሲገኝ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ቅጂው ወጥቷል። የቴሌግራም ቻናል ላይ ፖስቱን ብታርሙት እንኳ ቀድሞ የተላለፈው አይታረምም። ማረሚያውም ቪዲዮ ይሁን፤ በዚያው አካውንት፣ ዋናው በወጣበት ሰዓት፣ ከ20 ሰከንድ ያልበለጠ። ገና ሲጀምር “እገሌ አላለም፤ እኛ ነን ያልነው” ይበል፤ ፒን ይደረግ። የተሳሳተውን ክሊፕ ግን ማረሚያው ውስጥ መልሳችሁ አታጫውቱ። ከዚያው ተቆርጦ እንደገና ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ በጠራ ጥራት።

ለታዋቂዎቹ የምንለው አጭር ነው። ሥራችሁ ላይ የተሳቀው ስም ማጥፋት አይደለም። ብዙ ሺህ ተከታይ ይዞ 900 ተከታይ ያለው ልጅ ላይ ሪፖርት ማዝነብ ከፌዙ ይልቅ ያሳፍራል። ያላላችሁትን አላችሁ ከተባለ ሰከንዱን ጠቅሳችሁ፣ ዋናውን ቪዲዮ አያይዛችሁ እርማት ጠይቁ፤ “ሰደቡኝ” ብሎ ላይቭ መግባት ጊፍት ያመጣ ይሆናል፣ እርማት ግን አያመጣም። ሙያ ያለው ደግሞ በፌዝ ይመልስ፤ ተቀበል ማለት ይኸው ነው።

ለሚቀባበሉትም፦ ቆርጣችሁ አትላኩ፤ ሙሉውን ላኩ። “እውነት ነው እንዴ?” እያሉ መላክ መጠየቅ አይደለም፤ መላክ ነው።

አሁን ወደ ጥምቀት። ሊፌዝበት የሚገባው የታወቀ ነው፤ ለታቦቱ ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን የሚቀርጽ፣ ውኃው ሲባረክ ሰው ገፍቶ ፊት የሚቆም፣ ለአንድ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ዘሎ የሚገባ። ይህን ጥር 10 እና 11 ባሕረ ጥምቀቱ ላይ አትቅረጹት። እዚያ የሚቀረጽ ፌዝ ውስጥ ካህኑም፣ የምታለቅሰውም እናት፣ ታቦቱም ይገባሉ፤ ሲቆረጥ እነሱ ላይ የተሳቀ ይመስላል። ግቢ ውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ አስቀምጡ። ታዋቂውን ሆኖ የሚጫወተው ነጭ ለብሶ፣ ስልኩን እንጨት ላይ ሰክቶ ባልዲው ውስጥ ለመዝለል ይዘጋጅ፤ “ቤተሰብ፣ 1,000 ላይክ ሲሞላ እዘላለሁ” ይበል። አንዲት ሴት መጥታ ባልዲውን ለልብስ ማጠቢያ ትውሰደው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር በቪዲዮ ኤዲቲንግና በፌዝ ጽሑፍ ሥራ ላይ ያለን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤም ቆርጦ የሚልክ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እባካችሁ የወንበሩን ክፍል ብቻ አትላኩ፤ ደንቢያ ሲደርስ “ጎንደር ላይ ለወንበር 200 ብር ሰጥተው መልሰው ወሰዱ” ተብሎ ስለ እኛ ይወራል።